ድሎት የማይወደው የእትዬ ቨርና ግብጦ

በየሰፈሩ ተክል የማያባብል አንድ አትክልተኛ አለ። ሌላው ሕዝብ ያጠጣል፣ ይኮተኩታል፣ ፍግ ያለብሳል፤ ለቲማቲሙ ዘፈን የሚከፍት ሁሉ አይጠፋም። ይኸኛው ግን እጁን አጣምሮ ቆሞ «ተዉት፣ ራሱን ይቻል» ይላል። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው የለም የምትሉ ከሆነ፣ ሰውየው እናንተ ናችሁ።

በእኛ መንደር ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት የያዙት ክብርት ወይዘሮ ቨርና ዚልኬ ናቸው፤ የአሸዋ ባለአደራ፣ የዱር ግብጦ ሞግዚት፣ የጥቁር አፈር ደመኛ። እኛ በአጭሩ እትዬ ቨርና እንላቸዋለን። ከእኔ ጋር አጥር ይጋራሉ። አጥሩን ያሠራሁት እኔ ነኝ፤ በአጥሩ ላይ ቆሞ የመናገሩ ሥራ ግን የእሳቸው ነው።

ነገሩ ሁሉ የሚሽከረከረው በዱር ግብጦ ዙሪያ ነው። ሰው ዘርቶ የሚያጭደው ግብጦ አይደለም፤ እዚህ አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን አሸዋ ላይ ከማናችንም ቅድመ አያት በፊት በቅሎ የኖረ፣ ከጉልበት የማያልፍ፣ በግንቦት ሰማያዊ አበባ የሚያወጣ የዱር ተክል ነው። ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። አፈር ሲወፍርለት ይታመማል፣ ሲመግቡት ይከፋዋል፣ ከቦታው ሲያነሱት ይሞታል። እትዬ ቨርና ይህን ጠባይ ሲሰሙ የሥጋ ዘመዳቸውን ያገኙ መሰላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከአፋቸው የማይጠፋ አንድ ቃል አለ፤ «አታሞላቅቁት!»

ይህን ቤት ሲገዙ ግቢው የሰው ግቢ ይመስል ነበር፤ ጥቁር አፈር፣ ለምለም ሣር። አፈሩን አስቆፍረው ለፈለገ ሁሉ በነጻ አደሉትና በምትኩ በመኪና አሸዋ አስመጡ። ሾፌሩ ከጋቢናው ወርዶ ግራ ቀኙን አየ።

«እትዬ፣ የሚገነባው ምንድን ነው?»

«ምንም። የአትክልት ቦታ ነው።»

«አትክልቱ የታለ?»

«አሸዋውን ሳታወርደው የት እንዲበቅልልህ ነው?»

ሾፌሩ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ሰማዩን አየሁ። አውርዶ ሲሄድ ሒሳቡን መቀበሉን ራሱ ሊረሳ ምንም አልቀረውም።

የግብጦው ዘር ቆዳው ደንዳና ስለሆነ ከመዘራቱ በፊት በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ አለበት። ሌላ ሰው ይህን ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሠራዋል። እትዬ ቨርና ግን አርብ ማታ፣ መንደሩ በሙሉ የተጠበሰ ዓሣ ሊበላ መሸታ ቤቱ ሲሰበሰብ፣ የብርጭቆ ወረቀት ቆርጠው ለያንዳንዱ ጠረጴዛ ያድላሉ። «ዓሣው እስኪመጣ እጅህ ለምን ሥራ ይፈታል?» ይላሉ። በየጠረጴዛው ፍትጊያ ነው፤ ከውጭ የሚሰማ ሰው አናጢዎች ማኅበር የያዙ ይመስለዋል። አንድ ጊዜ ላም አርቢው ኬኒ ቮስ ከዘሮቹ አንዷን ቁንዶ በርበሬ መስላው ከዓሣው ጋር በላት። ሁላችንም ደነገጥን፤ መራራና መርዝ ያለባት ነገር ናት። እትዬ ቨርና ግን የሚያሳስባቸው ሌላ ነበር።

«የተፈተገች ናት ያልተፈተገች?»

«እኔ እንጃ፣ እትዬ። ዋጥኳት።»

«የተፈተገች ከሆነች ሥራ አባክነሃል» ብለው በምትኩ ሃያ ዘር እንዲፈትግ ፈረዱበት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በመጀመሪያው ዓመት የሚገኘው ቅጠል ነው። አበባው በሦስተኛው ዓመት ነው፣ እሱም ደስ ካለው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። እትዬ ቨርና ግን የመጀመሪያዋ ቅጠል ስትወጣ ጎረቤቱን በሙሉ ጠሩ። ቆመን፣ በወረቀት ሳህን ኬክ ይዘን፣ አሸዋ መካከል ያለችውን አንዲት ቅጠል ከበብናት። ቅጠሏ እንደ ሕፃን እጅ ተዘርግታለች። ምን እንደሚባል ያወቀ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ኬኒ ባርኔጣውን አውልቆ «እንኳን ማርያም ማረችዎት እንደሚባለው ዓይነት ነገር ነው መቼም» አለ። ኬኒ ሉተራን ነው፤ ሲጨንቀው ግን የማንንም ሃይማኖት ይጠቀማል።

እኔም በበኩሌ ደስ ላሰኛቸው ብዬ አንድ ፋሲካ ከችግኝ መሸጫው ደረቴ ድረስ የሚመጣ፣ ሮዝና ወይን ጠጅ አበባ የደረበ ግብጦ ገዝቼ አጥሬ ሥር ተከልኩ። እትዬ ቨርና መነጽራቸውን አደረጉ።

«ዴል፣ ይሄ ማነው?»

«ግብጦ ነው እንጂ! ያው የእርስዎ ዘመድ።»

«የኔ ዘመድ? ይሄ የምዕራብ ጠረፍ ልጅ ነው። አለባበሱን አታየውም? ንቦቹ ከሱ ወደ ልጆቼ እየተመላለሱ በአንድ ክረምት ዘሬን ያበላሽብኛል!»

በማግስቱ ስነሣ ጉድጓዱ ብቻ ነበር። ያንን ግብጦ የት እንዳደረሱት እስከ ዛሬ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን አይምሩም። አንድ እሑድ ፓስተራችን በመልካም መሬት ላይ ስለሚወድቅ ዘር ሲሰብኩ እትዬ ቨርና እጃቸውን አወጡ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን በስብከት መካከል እጅ የሚወጣው ጣሪያው ሲቃጠል ብቻ ነው።

«ፓስተር፣ ዘሩ የምን ዘር ነው?»

«እ… እንግዲህ፣ ዘር ነው፣ እትዬ ቨርና።»

«ዓይነቱ ሳይታወቅ መሬቱ መልካም መሆኑ በምን ተረጋገጠ?»

ፓስተሩ የያዙትን ጨርሰው ወረዱ። በሚቀጥለው እሑድ የሰበኩት ስለ ዓሣ ነው።

ቅጠሉ ሲበላ ደግሞ ጉዱን ማየት ነበር። ይህን ግብጦ እንጂ ሌላ የማይቀምስ አባጨጓሬ አለ፤ አድጎ ጥፍር የምታክል ሰማያዊ ቢራቢሮ ይሆናል። ሰው ቅጠሉ ሲበላበት መድኃኒት ይረጫል። እትዬ ቨርና «ተበላልኝ! ተበላልኝ!» እያሉ በሌሊት ልብሳቸው መንገድ ወጡ። ቢራቢሮዋ እንቁላል የምትጥልበት ሰሞን ደግሞ እኔ ሣር ማጨጃዬን ማስነሳት አይፈቀድልኝም፤ ንዝረቱ «ሐሳቧን ይበትንባታል» ይላሉ። ያን ሰሞን ሣሬ ጉልበቴ ድረስ ያድጋል፣ ሰው ሁሉ ሰነፉ እኔ እመስለዋለሁ።

አሁን ስለ ኬኒ በደንብ ልናገር፤ ጥፋቱ የመጣው ከእሱ ደግነት ነውና። የእኛ መንደር ላም አርቢ ነው። ለሙሽራ ሳህንና ማንኪያ ይሰጣል፤ ከልባችን ለምንወደው ሰው የምንሰጠው ግን በደንብ የበሰለ ፍግ ነው። ሌላም ደንብ አለን። እኛ ዘንድ እምቢታ እምቢታ አይደለም። ኬክ ሲቀርብልህ «አይ፣ ይቅርብኝ» ትላለህ። ደግመው ሲያቀርቡልህ «ኧረ አልችልም» ትላለህ። ሦስተኛ ላይ «እንግዲህ ለእናንተ ስል» ብለህ ትልቁን ቁራሽ ታነሳለህ። በመጀመሪያው እሺ ያለ ሰው አስተዳደጉ ያጠያይቃል።

ስለዚህ ኬኒ በየጸደዩ ባርኔጣውን ይዞ ይመጣል።

«እትዬ ቨርና፣ አንድ ጋሪ ፍግ ላምጣልዎ?»

«አልፈልግም፣ ኬኒ።»

«ግማሽ ጋሪ?»

«ማንኪያ አልፈልግም።»

ኬኒ ወደ እኔ ዞሮ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ «አየህ ጨዋነት!» ይለኛል።

ዘንድሮ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ እትዬ ቨርና ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከግብጦው ጥንቸል ሲያባርሩ ነው። እሳቸው ግን ያስተባብላሉ። «ማባረር ማሞላቀቅ ነው። ዝም ብዬ ወደ ጥንቸሏ እየሮጥኩ ነበር» ነው የሚሉት።

ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስሄድ ልጃቸው ሊን ከሚልዋኪ ከተማ መጥታ አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች። ጥሩ ልጅ ናት፤ ክፋት የለባትም። እናቷ ከእንግዲህ ብቻቸውን መኖር እንደሌለባቸው፣ ቤቱ ተሸጦ እሷ ዘንድ አራተኛ ፎቅ ላይ እንዲኖሩ እየነገረቻቸው ነበር። እትዬ ቨርና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው ብዙ ቆዩ። እሳቸው ዝም ሲሉ አይቼ ስለማላውቅ ነርስ ልጠራ አሰብኩ።

«ሰማሽ ሊን» አሉ በመጨረሻ፤ «ግብጦው ዘንድሮ ካበበ ቤቴ እገባለሁ። ካላበበ ግን እንዳልሽው ይሁን። እሱ ከሌለ እዚያ ቤት ውስጥ ምን አደርጋለሁ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ዴል፣ አደራ ሰጥቼሃለሁ።»

«ምን ላድርግ፣ እትዬ?»

«ምንም። ምንም እንዳታደርግ።»

በሕይወቴ እንዲህ የሚመቸኝ አደራ ተቀብዬ አላውቅም። በየቀኑ የምነዳውን የትምህርት ቤት ባስ አቁሜ በአጥሩ ላይ እያየሁ ምንም ሳላደርግ እገባለሁ። በግንቦት አጋማሽ እምቡጦቹ ታዩ። በስልክ ስነግራቸው «ታዲያ ምን ያስጮህሃል?» አሉኝ፤ ድምፃቸው ግን ሳሳ።

አንድ ቅዳሜ የትምህርት ቤቱን የሙዚቃ ቡድን ወደ ሌላ ከተማ አድርሼ ስመለስ፣ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ሽታው ቀድሞ ተቀበለኝ። የእትዬ ቨርና ግቢ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው። በጥቁሩ ላይ ፔቱኒያ የሚባል አበባ በረድፍ ተተክሏል። ኬኒ ከፍግ መበተኛው ላይ ዘሎ ወረደ። ከኋላው የቤተ ክርስቲያኑ ወንዶች ቆመዋል፤ የሁሉም ፊት በደግነት በርቷል።

«ዴል! እስቲ እየው! ሦስት ጋሪ! ለልጄ ሰርግ ያስቀመጥኩትን ነው ያፈሰስኩት!»

«ኬኒ፣ አልፈልግም አላሉህም?»

«በየዓመቱ ነዋ! እንዲህ ያለ ይሉኝታ የት ታገኛለህ? አሁን ሆስፒታል ናቸው፣ እምቢ ማለት አይችሉም፣ ጊዜው ዛሬ ነው አልኩ።»

«ኬኒ፣ እምቢ ያሉህ እምቢ ማለታቸው ነበር።»

ኬኒ ባርኔጣውን አወለቀ። ይህ ሐሳብ ከዚያ ቀን በፊት በመንደራችን ተነግሮ የሚያውቅ አይመስለኝም። ከኋላው ያሉት ሰዎች ተያዩ።

«ከልባቸው?» አለ ቀስ ብሎ።

«ከልባቸው።»

«ሰው… እንዲሁ… እምቢ ይላል?»

ቁጭ አለ፤ እዚያው ፍጉ ላይ። ግብጦው ካላበበ እትዬ ቨርና ወደ ሚልዋኪ እንደሚሄዱ ስነግረው ደግሞ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ።

እንግዲህ እኔ እውነቱን ለመናገር ሴትዮዋ ቢሄዱ ዕረፍት የሚገባኝ ሰው ነበርኩ። ሣሬን በፈለግሁበት ቀን አጭዳለሁ፣ የፈለግሁትን አበባ እተክላለሁ፣ በአጥሬ ላይ የሚናገርብኝ አይኖርም። ይህን እያሰብኩ ሳለ በጉልበቴ ተንበርክኬ ፍጉን በሁለት እጄ ስጠርግ ራሴን አገኘሁት። ያ ቤት ጨልሞ ታየኝ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሆነውን ያላየ አያምነኝም። የመንደሩ ሴቶች የፓንኬክ መገልበጫቸውን ይዘው መጡ። አንዷ ምንጣፍ የምትጠርግበትን ማሽን ሽቦ ቀጥላ አስነሳችና ማሽኑ ሁለት ጊዜ አስሎ ሞተ። ፓስተሩ በጥርስ ብሩሽ ቅጠሉን አንድ በአንድ ይቦርሻሉ። ፔቱኒያውን የተከሉት ሰዎች እየነቀሉ ይቅርታ ይጠይቁታል። በዚህ መካከል የእሳት አደጋ ፈቃደኞቹ መኪናቸውን እያስጮሁ ደረሱ።

«ዞር በሉ! በአንድ ደቂቃ አጥበን እንገላገላለን!»

«ውሃ እንዳታስነኩት!» አልኩ። «ውሃ ከነካው ፍጉ ወደ ሥር ይሰርጋል!»

አልሰሙኝም፤ ቱቦውን መዘርጋት ጀምረዋል። ሄጄ ቱቦው ላይ ተጋደምኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ባስ የነዳሁ፣ የተከበርኩ ሰው ነኝ። ለአበባ ብዬ ከእሳት አደጋ መኪና ፊት እተኛለሁ ብሎ የነገረኝ ቢኖር በሳቅ እሞት ነበር።

በቻልነው ልክ ጠረግን። ያልጠረግነውን በወንፊት ነፋን። ግብጦው ግን ድሎቱን ቀምሶታል። ከቀን ወደ ቀን ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ እምቡጦቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ከዚያ እየተበጠሱ ወደቁ። አንድም አላበበም። በስልክ «እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ምንም አላደረግሁም» እያልኩ እዘጋለሁ።

የሚመጡበት ቀን ደረሰ። የሊን መኪና ስትቆም መንደሩ በሙሉ በአሸዋው ዳር ተኮልኩሏል፤ ገሚሱ ማንኪያ፣ ገሚሱ መገልበጫ በእጁ እንደያዘ ነው። እትዬ ቨርና በባለ አራት እግር መደገፊያቸው ቀስ እያሉ ወረዱ። ከስተዋል። ግብጦውን አዩ፤ የወደቁትን እምቡጦች አዩ። አየሩን ወደ ውስጥ ሳቡ።

«ላም» አሉ።

ኬኒ ከሰው መካከል ወጣ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ይሉኝታ መስሎኝ… በየዓመቱ እምቢ ሲሉኝ… ሰው እንዲሁ እምቢ ይላል ብዬ አላሰብኩም።»

ሊን መጥታ የእናቷን ትከሻ ያዘች።

«እማ፣ አንቺው ነሽ ያልሽው። አላበበም። በይ፣ የሚያስፈልግሽን ልብስ እንያዝና እንሂድ።»

እትዬ ቨርና ዓይናቸውን ከዳር እስከ ዳር አዞሩ፤ ኬኒን፣ ፓስተሩን ከነጥርስ ብሩሻቸው፣ መገልበጫ የያዙትን ሴቶች፣ እኔን። ጉልበቴ ላይ ያለውን ጥቁር እድፍ ብዙ አዩት።

«ሊን፣ ሻንጣዬን አውርጂ።»

«እማ፣ ካላበበ እሄዳለሁ ብለሽ…»

«ብያለሁ። እነዚህን ሰዎች ግን እያቸው። አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ብለያቸው ግቢዬን የላም ጋጣ አደረጉት፤ ከዚያ ደግሞ በማንኪያ ይለቅሙታል! ጥዬ ብሄድማ ምን ሊውጣቸው ነው? በዓመቱ በቆሎ ይዘሩበታል!»

«የሚንከባከብሽ ሰው ያስፈልግሻል፣ እማ።»

«ለነሱ ነው የሚያስፈልገው!»

ሊን ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ ደግሞ ወደ እንባ ዞረባት። ኬኒ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይኼ እምቢታ ከልብ ነው አይደል?» አለኝ። አሁን ገብቶታል።

ሊን ሐሳቧን ሳትቀይር ሻንጣውን ከመኪናው ነጥቄ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። በሩን በእግሬ ከፍቼ ገባሁና ሰው በሌለበት ወጥ ቤታቸው ውስጥ ሻንጣውን እንዳቀፍኩ ቆምኩ፤ ፊቴን ማንም እንዲያየው አልፈለግሁም። እወዳቸዋለሁ፤ በቃ፣ ይኸው ተናገርኩት። ከውጭ ኬኒን ሲሰድቡት ይሰማል፤ ላሞቹን፣ ጋሪውን፣ ባርኔጣውን፣ የአያቱን አያት ሳይቀር። በዕድሜዬ እንዲህ ደስ የሚል ስድብ ሰምቼ አላውቅም።